ሁለት ጥንድ ቀዳዳ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት የመጋዘን ቁልፍ እጄ ላይ ይቅለጥ። ማጋነን የሚባል ነገር በደጄም አላለፈም።

በዩኒቨርሲቲው የዱር እንስሳት ጥናት ክፍል «ጋሽ መጋዘን» የምባለው እኔ ነኝ። ተማሪዎች በሁለት ዓመት አንዴ የባሕር ዳርቻ ወፎችን ሊቆጥሩ ሲሄዱ ቦት ጫማውንም፣ የርቀት መነጽሩንም፣ ገመዱንም የማድል እኔ ነኝ። እኔ ባልኖር ወፎቹ ባልተቆጠሩ፤ ምናልባትም ባልተፈለፈሉ።

ባለፈው ጉዞ ዝግጅት ላይ፣ ሦስት ቀን ሲቀረን፣ ጉዞውን የሚመሩት መምህር ሞቱ። ቀድመው ወደ ዳርቻው የወረዱት የመቁጠሪያ ቦታዎቹን በችካል ለማመልከት ነበር። እዚያ ባሕሩ ሲጎድል ጭቃው ሜዳ ይሆናል፤ ሲሞላ ሜዳው ባሕር ይሆናል። ጭቃው መሃል ሳሉ ሞላባቸው። ሲገኙ ቦት ጫማቸው ጭቃ ውስጥ እንደተቀረቀረ፣ ችካሎቹም ወገባቸው ላይ እንደታሰሩ ነበር። የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ሽፋን ያለው ቀጭን የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ተገኘ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ መጣች። ጉንዳን ሲያዛጋ የምትሰማ ሴት ናት። ገና ከደጅ ስታየኝ «ያለ እርስዎ ይህ ጉዳይ አይፈታም» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ እውነቷን ነው።

መምህሩን ወደ ዳርቻው ካደረሰው ሹፌር ጀመረች።

«ሲሞላባቸው እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሻይ ልጠጣ ሄጄ። እስከ ስድስት ሰዓት አትጠብቀኝ፣ ባሕሩ አይመለስም አሉኝ። ስመለስ ሜዳው የለም።»

«መምህሩ እርግጠኛ ነበሩ?»

«እሜቴ፣ ወረቀቱን በጣታቸው እየመቱ ነው ያሳዩኝ። አራት ሰዓት ላይ ጨርሶ ይጎድላል ይላል። እኔ ጎማ እንጂ ባሕር አላውቅም።»

ቀጥሎ የክፍሉን ጸሐፊ ጠየቀች። ይቺ ጸሐፊ ስትናገር ጆሮህን ካላስጠጋህ አትሰማትም።

«ሰንጠረዡ በማን እጅ አለፈ?»

«ከወደቡ ቢሮ በፖስታ መጣ። መዝግቤ ወደ መጋዘን ሰደድኩት። ከመጋዘን ወደ ረዳቱ ሄደ» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። አድንቃኝ መሰለኝ።

በመጨረሻ የጠየቀችው ረዳት መምህሩን ነበር፤ ጥፍሩን የሚበላ፣ ኮቱ የሚሰፋው ልጅ። የጉዞውን ፋይል ያዘጋጀው እሱ ነው።

«ሰንጠረዡን ገልጠህ አላየኸውም?» አለችው።

«ሽፋኑ የዘንድሮ ነው። ምን አያለሁ?» ከዚያ ትከሻውን ነቅንቆ፣ «ደግሞስ ባሕር ያው ባሕር ነው፤ በሁለት ዓመት ምን ይለወጣል?» አለ።

መርማሪዋ ያለውን በማስታወሻዋ ጻፈች። እኔ ግን ያን ጊዜውኑ ገባኝ።

ሁላችንንም መጋዘኔ ውስጥ ሰበሰበችን። ሲያንስ ስልሳ ሰው ነበርን። ቦት የተከመረበት ሳጥን ላይ ቆመችና በመስኮቱ ወደ ሰማይ አመለከተች። ከጣሪያዎቹ በላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግማሽ ጨረቃ ነጥታ ተንጠልጥላለች።

«አሁን ሰንጠረዡን እዩ» አለች። «በትናንትናው ቀን ትይዩ ሙሉ ክብ ተስሏል። ሙሉ ጨረቃ ማለት ነው። ባሕር ሲሞላም ሲጎድልም ጨረቃን ይከተላል፤ ጨረቃዋ ከተሳሳተች ሰዓቱም ስህተት ነው። ወረቀቱ ጎደለ ባለ ሰዓት ባሕሩ እየሞላ ነበር።»

«እንግዲያው ውስጡ የሁለት ዓመት አሮጌ፣ ያለፈው ጉዞ ነዋ» አልኩ ቀድሜ። ተጨበጨበልኝ።

«ልክ ነዎት። ሽፋኑም ውስጡም ሁለት ሁለት ጥንድ የሽቦ ቀዳዳ አላቸው። አንዱ ጥንድ ይገጥማል፤ ሌላው አይገጥምም። ሁለት ሰንጠረዦች ተፈትተው፣ የአዲሱ ሽፋን ካሮጌው ውስጥ ጋር ተያይዟል። ያያያዘው ሽቦ ደግሞ አንድ እግሩ ወደ ውጭ የታጠፈ ነው። በዚህ ሕንፃ እንዲህ አጣምሞ የሚነክስ አንድ ስቴፕለር ብቻ አለ፤ የረዳቱ።» ወደ ልጁ ዞረች። «መምህሩ ከሌሉ ወንበራቸውን የሚወርስ አንተ ነህ። ስለ ሁለት ዓመትም ማንም ሳይጠይቅህ ተናገርክ።»

ረዳቱ በጉልበቱ ወደቀ። ደግፌ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ጠላትም ቢሆን ሰው ነው።

ይህን ታሪክ ሁለት ዓመት ሙሉ በሻይ ክበቡም በደረጃውም ተርኬዋለሁ። ልጁ ታዲያ ለምን አልታሰረም ሲሉኝ «ዘመድ አለው» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ሻይ አብሮት የሚጠጣ ጠፋ፤ ተማሪም ፊቱን አዞረበት። ዓመት ሳይሞላው ሥራውን ለቆ ሄደ። የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ሳምንት፣ ዘንድሮ ለሚሄዱት ተማሪዎች ቦት እያደልኩ ስተርክላቸው፣ ጸሐፊዋ አዲሱን ሰንጠረዥ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ጨረስክ?» አለችኝ ዝቅ ባለው ድምጿ።

«ምነው እህቴ፣ የረሳሁት አለ?»

«መርማሪዋ የቆየችው ሩብ ሰዓት ነው። ጨረቃዋንና ቀዳዳውን ለኔ አሳየችኝ፤ ማን እንዳደረገው ግን አላረጋገጠችም። ያኔ እዚህ የተሰበሰበ ሰው አልነበረም። ማንም በጉልበቱ አልወደቀም።»

ተማሪዎቹ ቦት ጫማቸውን እንዳንጠለጠሉ ቀሩ። ለመሳቅ ሞከርኩ።

«ያን ጊዜ ሻይ ደፍተህበት የአዲሱ ሰንጠረዥ ውስጥ ገጹ ተጣብቆ ነበር» አለች። «የልጁን ስቴፕለር ተውሰህ ካሮጌው ጋር ስታያይዘው ደረስኩብህ። ወደብ ድረስ ማን ይመለሳል አልከኝ። ባሕር ስለማላውቅ አመንኩህ። መርማሪዋ ስትጠይቀኝ ግን አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ልጁ ዕቃውን በካርቶን ይዞ በፊቴ ሲያልፍም ዝም አልኩ።»

ሰንጠረዡን ለእኔ አልሰጠችኝም። አጠገቧ ላለችው ተማሪ ሰጠቻት።

«ደግሞ፣ ባሕር ያው ባሕር ነው ያለው እሱ አይደለም» አለችኝ። «አንተ ነህ።»