የወልደ ሩፋኤል ጉጠት

ተረት ነው የሚል አይጠፋም፤ ይበል። እኔ ግን ከራሷ ከወለላ አፍ ነው የሰማሁት። ወለላ ደግሞ በእንዲህ ያለ ነገር የምትቀልድ ሴት አይደለችም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ። ወሩ ነሐሴ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው ላስታ... ከብልባላ ወጣ ብላ፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመች አንዲት የቆርቆሮ ክሊኒክ።

ወለላ መንጋጋዋ ካበጠ ሰንብቷል። ግራ ጉንጯ ዓይኗን ሊውጥ ደርሷል። እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ ብሏታል። ባሏ ሙሉሃብት "ልከተልሽ" ቢላት፣ "መንገድ ላይ ለዘመቻ ቢያፍሱህስ?" ብላ አስቀረችው።

ብቻዋን ወጣች።

ጉሙ ወርዷል። የረገጡትን አያሳይም።

ክሊኒኩ ደጅ ላይ ሰው የለም። ውሻ እንኳ የለም...

በሩ ግን ገርበብ ብሏል።

"ግቢ እቴ..." አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ። የታፈነ ድምፅ።

ነጭ ጋወን የለበሰ ቀጠን ያለ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። ደስ አላት። ሐኪም ተገኘ!

"ጥርሴን ነው ጌታዬ..."

"አውቃለሁ። ተቀመጪ።"

በምን አወቀ? አላለችም። ሕመም ፋታ አይሰጥም።

ጣሪያው ያፈሳል። ውሃው ሰውየው ትከሻ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ጋወኑ ግን አይረጥብም።

እጁ አፏ ውስጥ ሲገባ እንደ ዋሻ ድንጋይ ቀዘቀዛት። ጣቶቹ ደግሞ... አፈር አፈር ይላሉ።

"መርፌ የለም እንዴ?"

"አያምሽም።"

እውነትም አላመማት። ቀጭ አለ... አለቀ። ጥርሷ ሳህኑ ላይ ቃ ብሎ ወደቀ።

ልትተፋ ጎንበስ አለች። ደም የለም። በምላሷ ዳሰሰችው፤ ድዷ ድሮ የዳነ ይመስል ገጥሟል።

"እ... እግዜር ይስጥልኝ። ስምዎ ማነው ጌታዬ?"

"ወልደ ሩፋኤል።"

ስሙን ታውቀዋለች። የእመት ይማርሽ ልጅ ነው። ሰኔ ላይ ድንገት የጠፋው ሐኪም... "ሸፍቷል" ተብሎ በቀበሌ ስብሰባ የተወገዘው። እናቱ ከዚያ ወዲህ እሳት የሚሰጣቸው ጎረቤት አጥተዋል።

"ተመለሱ እንዴ? እናትዎ እኮ..."

"የትም አልሄድኩም።"

ዞር ብሎ ጉጠቱን ዘረጋላት።

"አሁን የኔን ንቀይልኝ።"

"እኔ? እኔ ምን አውቄ?"

"ንቀይልኝ... ለእናቴ እንዳልናገር ከልክሎኛል።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አፉን ከፈተ።

እስከ ጉሮሮው አፈር ነው። እርጥብ፣ ጥቁር አፈር። መሀሉ ላይ አንዲት ጥርስ ብቻ ነጭ ብላ ቆማለች።

እስካሁን ሲያናግራት የነበረው... በዚህ አፍ ነው?

እግሯ ሽሺ አላት። ግን ዓይኑን አየች። የሚለምን ዓይን ነው። ስቃይ ምን እንደሆነ ደግሞ እሷ ታውቃለች።

"በስመ አብ..." ብላ ጉጠቱን አስገባች።

ሳበች።

ጥርሱ ሲወጣ አፈሩ ተናደ። ደረቱ ላይ፣ ጭኑ ላይ፣ ወለሉ ላይ... ማብቂያ የለውም። በመጨረሻ ከአፈሩ ኋላ ድምፅ መጣ።

"ከጓሮ... ከኮሶው ሥር።"

እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ራሷን ያገኘችው እመት ይማርሽ ደጅ ላይ ነው።

"ምነው ልጄ? ምን አገኘሽ?" አሏት ባልቴቷ።

ወለላ ዙሪያዋን ቃኘች። ሸፈተ የተባለን ሰው ተገድሏል ማለት መዘዝ አለው። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም...

"እመት..." አለች በሹክሹክታ። "ልጅዎ አልሸፈተም።"

በማግሥቱ ቄስ ገብረመስቀልን ይዘው ሄዱ። የክሊኒኩ በር በሰንሰለት ታስሯል። ቁልፉ ዝጓል፤ ከሰኔ ጀምሮ የነካው የለም።

ከኮሶው ሥር ቆፈሩ።

ከነጋወኑ ነበር። አፉን አፈር ሞልቶታል።

ማን እንደገደለው የጠየቀ የለም። ዘመኑ አያስጠይቅም። ግን ያ ሁሉ የሸሻቸው ጎረቤት ለቀብሩ ነቅሎ ወጣ። እመት ይማርሽ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ "ልጄ አልከዳም! ልጄ እዚሁ ነበር!" እያሉ አለቀሱ።

ፍትሐቱ ሊያልቅ ሲል ጉሙ ለአፍታ ገለጥ አለ። ወለላ ቀና ብላ ማዶ ተረተሩን አየች።

ሰዎች ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎች፣ ወጣቶች፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች... ከተረተሩ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተደርድረው።

"እነዚያ እነማን ናቸው?" አለችው ባሏን ቀስ ብላ።

"የቶቹ?" አለ ሙሉሃብት፣ ወደዚያው እያየ።

ሁሉም እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገዋል። ሁሉም የሚያዩት እሷን ነው።

ከፊት ያለው ተነሣ... ወደ እሷም መውረድ ጀመረ።