ሞተር ያልለቀቀው እጅጌ

ሟቹን በሕይወት ሳለ «ሞተር» ይሉት ነበር። ሲሮጥ ንፋሱ ራሱ መንገድ ይለቅለታል ብለው ያወሩለታል፤ የሚያወሩት ትንሽ ይጨምራሉ። አሁን ግን በውድድር አዳራሹ የማሟሟቂያ ክፍል የጎማ ወለል ላይ ተንጋሏል። የራስ ቅሉ በግራ በኩል እንደተረገጠ ቆርቆሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሙ የጎማውን ምንጣፍ መገጣጠሚያ ተከትሎ በሩ ድረስ ሄዷል። አጠገቡ እጀታ ያለው ድቡልቡል ብረት ወድቋል፣ ብረቱ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። ሁለት ጥርሶቹ መስታወቱ ሥር ተገኙ።

«አንዴ ብቻ አይደለም የተመታው» አለች መርማሪዋ፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ ስትንበረከክ። «አንዴ ቆሞ፣ ከዚያ ደግሞ ወድቆ።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ በጠባብ በር በጎን ነው የምታልፈው። ነገሩ የወጋችውን ስለማትስት ነው። በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ሮጣለች ይባላል፣ እሱም ከውሻ ሸሽታ። ውሻው እስካሁን ይስቃል ይላሉ።

ከኋላዋ የቆመው አዛዥ ትዕግሥቱ አልቋል። «ምን ታጓትቺኛለሽ? ሚስቱ ናት። ጠዋት በር ላይ ‹እገድልሃለሁ› ስትለው ስንት ሰው ሰምቷል። ልብሷ በደም ተነክሯል። ሲመሽ ማረፊያ ቤት ትገባለች።»

«ጡት ያልጣለ ልጅ አላት።»

«ልጁን ማን ነካው?»

መርፌ ወደ ሬሳው ጠጋ አለች። ዓይኗ የሟቹ እጆች ላይ ነበር። ሁለቱም እንደ ብረት ጉጠት ተቆልፈዋል። አስከሬን መርማሪው ሐኪም ጣቶቹን እያንቋቋ አንድ በአንድ ሲያላቅቅ ቀይ ጨርቅ ወጣ፤ ከትከሻው ስፌት የተዘነጠለ የቲሸርት እጅጌ። የሞተር ቡድን ሰዎች በሙሉ ይህን ቲሸርት ይለብሳሉ። የቡድኑ ምልክት ደግሞ የሚታተመው ቀኝ እጅጌው ላይ ብቻ ነው። ይህኛው ምልክቱ አለው።

ተለዋጭ ቲሸርት ኮሪደሩ ላይ ክፍት ካርቶን ሙሉ ተቀምጧል። ገዳዩ የተቀደደውን ጥሎ አዲስ ለብሷል ማለት ነው። የክፍሉ በር ግን በሚስጥር ቁጥር ነው የሚከፈተው። ቁጥሩን ከሟቹ ሌላ የሚያውቁት አራት ሰዎች ናቸው፦ ሚስቱ፣ «ፉጨት» የሚባለው አሰልጣኝ፣ «ቀጭኔ» የተባለው ታናሽ ወንድሙና ዕድሜ ልኩን ከሞተር ኋላ የሚገባው «ዝሆኔ»።

ሚስትየዋ ቢሮ ውስጥ በካቴና ተቀምጣለች። ባሏን ያገኘችውም እሷ ናት፤ ውድድሩ ተጀምሮ መነሻው ላይ ሲጠፋባት ልትፈልገው ገብታ።

«እህቴ፣ ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«በትኩሳት እየነደደ እሮጣለሁ አለኝ። ሮጠህ ከምትሞት እኔው ልግደልህ አልኩት። ይኸው አፌ።»

«ደሙስ?»

«ባሌ ነው። ምን ላድርግ፣ በሩቁ ቆሜ ላልቅስ?» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ዛሬ ማታ ልጄን ማን ያጠባልኛል?»

በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ ጉንጩ አብጧል።

«አንተን ደግሞ ምን ነካህ?»

«እሷ ናት፣ ኢንስፔክተር። ካቴና ላስገባ ስል በቀኟ አቀመሰችኝ። ኮፍያዬ ገና አልተገኘም።»

መርፌ ጉንጩ ላይ የታተሙትን ጣቶች እንደ ግድግዳ ሥዕል ቆማ አየቻቸው።

ዝሆኔ የመልበሻ ክፍሉ ወለል ላይ ባልዲ አቅፎ ተኝቷል። ሲያስነጥስ የግድግዳ ሰዓት ይቆማል የሚባልለት ሰው አሁን ድምፁ የሕፃን ሆኗል። ከንፈሩ ተተርትሯል።

«ማን መታህ?»

«መሬት። ስሮጥ በፊቴ ተደፋሁ። ሞተር አልመጣም ሲሉኝ አበድኩ እኮ። ዛሬ የኔ ቀን ነው ብዬ ከመነሻው እንደ ፈረስ ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፈረሱ ጥሎኝ ሄደ።»

ቀጭኔ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። አንገቱ ላይ የሁለተኛነት ሜዳልያ አለ።

«አንደኝነቱ ለጥቂት አመለጠህ አሉ።»

«መጨረሻ ላይ ኳሱ ጋ ደከመኝ፣ ኢንስፔክተር። ሰው ነኝ፣ ይደክመኛል። ወንድሜ እዚያ ወድቆ...» ቀሪውን ዋጠው።

አሰልጣኙ ዕቃ እየሰበሰበ ነበር። የውሃ በርሜሉን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ጫነና ወደ መርፌ ዞረ።

«ኮች፣ ይህን ውድድር ለማይሮጥ ሰው አስረዳኝ።»

«ይሮጣሉ፣ ብረት የተጫነበት መንሸራተቻ ይገፋሉ። ይሮጣሉ፣ መንሸራተቻውን በገመድ ይስባሉ። ይሮጣሉ፣ የአሸዋ ከረጢት ትከሻ ላይ አድርገው እየተንበረከኩ ይሄዳሉ። ይሮጡና መጨረሻ ላይ ከባድ ኳስ ግድግዳው ላይ ካለው ምልክት ጋር እያጋጩ ይጨርሳሉ።»

«በገዛ ፈቃዳቸው?»

«ከፍለው ነው እንጂ።»

መርፌ ወንበር ስባ የዝሆኔንና የቀጭኔን ውድድር በቪዲዮ ተመለከተች። ደጋግማ አስመለሰችው። ከዚያ የድሮ ውድድራቸውን አስከፈተች፣ ጠዋት ቡድኑ ሲገባ ካሜራው የቀረጸውንም።

«ቀጭኔ ኳስ ላይ እንዴት ነው?»

«ኳስማ የሱ ናት። ቁመቱን አይተውታል፤ ሌላው ይወረውራል፣ እሱ ያስቀምጣል። ዛሬ ግን ምን እንደነካው እንጃ።»

«እኔ ልንገርህ። ሰዎቹን ጥራልኝ።»

ሁሉም ኳስ የሚወረወርበት ግድግዳ ሥር ተሰበሰቡ። ሚስትየዋ በካቴናዋ፣ ዝሆኔ በባልዲው መጡ። አዛዡ ሚስትየዋን የሚወስደውን መኪና አስነስቶ ነው የገባው።

«ሞተር ዕድሜውን ሙሉ ገመድ ሲስብ የኖረ ሰው ነው» ብላ ጀመረች መርፌ። «ጭንቅላቱን ሲመታም እጁ የለመደውን ሠራ። የመታውን ቀኝ ክንድ ጨብጦ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ስፌቱ ከትከሻ የተዘነጠለው ለዚህ ነው። ጨርቁን እንዲህ የገነጠለ ክብደት ደግሞ ውስጥ ያለውን ትከሻ አይምርም። የምፈልገው ከዚያ በኋላ ቀኝ ክንዱ እምቢ ያለውን ሰው ነው።»

ወደ በረኛው ፖሊስ ጠቆመች። «ሚስትየዋ ባሏን ካገኘች በኋላ ይህን ሰው በቀኟ በጥፊ አጩላዋለች። ጉንጩን እዩት፤ ትከሻው የተገነጠለ ሰው ሥራ ነው?»

«አይደለም» አለ ፖሊሱ፣ ከልቡ።

«አሰልጣኙ የውሃ በርሜል ዓይኔ እያየ ከራሱ በላይ ሰቀለ። ቀሩኝ ሁለት። ዝሆኔ ዛሬ ከሁሉም በላይ ፈርሷል። ግን አፈራረሱን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ሩጫው ቀነሰ፣ ቀጥሎ መግፋቱ፣ ቀጥሎ ገመዱ። ገመዱን ግን እስከ መጨረሻው በሁለት እጁ ነው የሳበው። ይሄ ድካም ነው። ድካም ሲመጣ አይመርጥም፤ እግርም ክንድም ይገባል።»

ከዚያ ወደ ቀጭኔ ዞረች።

«ያንተ ሩጫ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አልቀነሰም። ገመዱን ግን በግራህ ይዘህ ወደኋላ እየሄድክ ነው የጎተትከው። ሁልጊዜ በቀኝ የምትሸከመውን ከረጢት ዛሬ በግራ ተሸከምክ። ኳሱማ ምልክቱ ሥር እየደረሰ ወደቀብህ። ደከመኝ ብለኸኛል። ምን ዓይነት ድካም ነው እግርህን ሳይነካ አንድ ክንድ መርጦ የሚቀመጥ?»

«ገመዱ ላይ ተጎድቼ ነው።»

«ከገመዱ በፊት መንሸራተቻውን ስትገፋ ቀኝ ክንድህን ደረትህ ላይ አጥፈህ ነበር። ጠዋት ስትገባ ደግሞ ቦርሳህን በዚሁ ክንድ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ስትጭን ካሜራው ይዞሃል። ከመደርደሪያው እስከ መነሻው መስመር ምን አገኘህ? ማን ያዘህ?»

ቀጭኔ ድንገት ጎንበስ ብሎ በግራው የብረት ክብደት አነሳና ወደ መርፌ ፊት ሰነዘረ። አዛዡ መሐል ገባ፤ ጀግንነት ይሁን መደናገጥ እስካሁን አልለየም። ብረቱ መንጋጋው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት፣ አዛዡም ደም እየተፋ ተዘረረ። ቀጭኔ ለሁለተኛው ሲያነሳ ዝሆኔ ከነባልዲው ላዩ ላይ ወደቀበት። የቀጭኔ አፍንጫ ወለሉ ላይ ተፈጠፈጠ፤ ዝሆኔ ቀኝ ክንዱን ሲጠመዝዝ የወጣው ጩኸት የአዳራሹን ጣራ አንቀጠቀጠ።

«ተው፣ ተው፣ ትከሻዬን!»

መርፌ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ለምን?»

«ሁልጊዜ ‹ከኋላዬ ሁን› ነው የሚለኝ። ሆንኩለት። ዛሬ አሞታል፣ ‹ዛሬ እንኳ ልቅደም› ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ‹አንተ የምትቀድመኝ እኔ ስሞት ነው› አለኝ።» ከአፍንጫው የሚወርደውን ደም ላሰ። «ብረቱ እጄ ላይ ነበር። ይዞኝ አልለቅ ሲል በግራዬ ደገምኩት።»

«አሞኛል ብለህ ብትቀር ኖሮ ትከሻህን ማን ያይብህ ነበር?»

ቀጭኔ ምንም እንዳልገባት ሰው አያት። «ዛሬ ካልሮጥኩ ታዲያ ለምን ገደልኩት?»

አዛዡ መንጋጋውን በሁለት እጁ ደግፎ በዓይኑ ምልክት ሰጠ። የሚስትየዋ ካቴና ተፈታ፤ ከእሷ የወጣውም ቀጭኔ ግራ እጅ ላይ ገባ። መኪናው ተነስቶ ስለነበር ጊዜ አልፈጀም። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቀጭኔ እግሩን ተክሎ ወደ አሰልጣኙ ዞረ።

«ኮች። ትከሻዬ ደህና ቢሆን... በዛሬው ሩጫዬ አንደኛ እወጣ ነበር?»

አሰልጣኙ ስክሪኑን አየ። መልሱ እዚያው ነበር፤ ከንፈሩም ተከፈተ።

«ኮች» አለች ሚስትየዋ፣ የእጅ አንጓዋን እያሻሸች። «እንዳይነግሩት።»

አሰልጣኙ አፉን ዘጋ፣ ስክሪኑንም አጠፋ። ቀጭኔ አንገቱን ወደኋላ እንዳጣመመ፣ የአሰልጣኙን አፍ እያየ፣ ተገፍቶ ወጣ። እሷም ከማንም ጋር ሳትነጋገር በሌላኛው በር ልጇ ወዳለበት ሄደች።