የመዳብ-ለበሷ ምስክሮች

ንጉሥ ድምጡር በጸዳሎን ዙፋን ላይ በተቀመጠ በዘጠነኛው ዓመት፣ ከምሥራቅ የተነሣ ነፋስ መዳብ የመሰለ ቀይ ብናኝ አምጥቶ በዘውዱ ላይ ነሰነሰው። በሐር ጠረጉት፣ በሎሚ አሹት፤ አልለቅ አለ። ጠቢባኑ ተጠርተው ብናኙን አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ እርስ በርስ ተሰዳደቡ፤ በመጨረሻም ነፋሱ የመጣው ከሰመመን ሸለቆ እንደሆነ ተስማሙ። ቀጥለው መዝገበ ሕያዋንን ገለጡ። በጸዳሎን ሕግ በዚያ ታላቅ መጽሐፍ ያልተጻፈ ፍጥረት፣ ሰውም ቢሆን፣ ቢበርም ቢሮጥም፣ የለም። በሰመመን ይኖራል ተብሎ የተጻፈ ደግሞ አንድም አልተገኘም።

«እንግዲያው ባዶ ምድር ነው ዘውዴ ላይ አቧራ የሚበትነው?» አለ ንጉሡ። «ይቃጠል! በዐሥረኛው ዓመት በዓሌ ሠራዊቴ ይሰለፍበታል።»

አዋጁ ለሸለቆው የዐሥራ ሁለት ቀን ዕድሜ ሰጠው።

በሸለቆው አፋፍ ሐመልማል የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ ብቻዋን ትኖር ነበር። እናቷ ወለላ በሕይወቷ ሦስት ጊዜ ወደ ቤተ መዝገብ ወጥታለች፤ ሦስቱንም ጊዜ በሰፌድ ላይ አንዲት የሞተች የእሳት እራት ይዛ። ያቺ ፍጥረት በሕይወት ሳለች ከክንፏ ሥር መዳብ ትለብሳለች፤ ስትሞት መዳቡም ቀንዷም ይረግፍና ጓዳ ለጓዳ ከሚንከራተቱት አመዳሞች በምንም አትለይም። መዝጋቢዎቹ ደግሞ የዱር ፍጥረትን የሞተ ካልሆነ አይመዘግቡም፤ ሕያው ነገር ሹም ፊት አርፎ አይቀመጥማ! ስለዚህ ወለላ «ዋሾዋ» እንደተባለች ሞተች። ጎረቤቶቿም አንድ በአንድ አፋፉን ለቀው ወረዱ። ሐመልማል ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳትለዋወጥ ክረምት ይገባል፣ ክረምት ይወጣል።

አዋጁን በሰማች ማግስት ተነሥታ፣ ሁለት ቀን ተጉዛ ሊቀ መዝገቡ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ በሸለቆው ሕያው አለ። መዳብ-ለበስ ትባላለች።»

«ታዲያ ራሷ ቀርባ ታመልክታ!» አለ ሊቀ መዝገቡ። «ቀለሙ ሳይደርቅ እንዳታርፍበት ብቻ።» ጸሐፍቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«የጥንቱ ሕግ፣ ሁለት ምስክሮች ‹ሕያው አይተናል› ብለው ከማሉና ሥዕሏን ካመጡ ይበቃል ይላል።»

ሳቁ ቆመ። ሕጉ በእርግጥ ነበረ። እግር የሚጠይቅ ሕግ ስለሆነ ሁለት መቶ ዓመት የነካው አልነበረም እንጂ።

«ሁለተኛውን ምስክር ከየት ልታመጪ ነው?»

«ከዚህ!» አለ ከበሩ የመጣ ጎርናና ድምፅ። ባሻ ሸንቁጥ ነበር፣ ጎራዴው ከአፎቱ አልወጣ ካለ ዓመታት ያለፉት ሽማግሌ ዘበኛ።

«ኧረ ባሻ፣ የእሳት እራት እኮ ናት!» አለው አንዱ ጸሐፊ።

«ብትሆንስ? ሰባት ዘመቻ ዘምቼ አንድ ሰው እንኳ ‹ምን አየህ?› ብሎኝ አያውቅም። ልጄ፣ እኔ አይልሻለሁ።»

ሐመልማል እጇን በመዝገቡ ሽፋን ላይ ጫነች። «በእናቴ አጥንት እምላለሁ፤ ያላየሁትን አልጽፍም፣ ያየሁትንም አልተውም።»

ሰመመን ጉም የማይለየው ሸለቆ ነው። በጉሙ ውስጥ ዋጦ የሚባል ዘንዶ ይኖራል፤ ምግቡ ድምፅ ነው። የተናገረ ሁሉ ቃሉን ከነጉሮሮው ይነጠቃል። ስለዚህ የአፋፉ ሰዎች ወደዚያ ሲገቡ ወገብ ለወገብ በገመድ ይተሳሰራሉ፤ አንድ ጊዜ መሳብ «አለሁ»፣ ሁለት ጊዜ መሳብ «ቁም» ማለት ነው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ዝም?» አለ ባሻ በአፋፉ ላይ። «ልጄ፣ ሚስቴ ይህን ብትሰማ ከመቃብሯ ተነሥታ ትመርቅሽ ነበር።»

ገቡ። ጉሙ ወዲያው ለያያቸው። ሐመልማል የራሷን መዳፍ እንኳ ማየት ተሳናት፤ ከዓለም የቀራት አንድ ገመድ ብቻ ሆነ። ከሰው ጋር ሆና ይህን ያህል ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም። ሆኖም በየመቶ እርምጃው ገመዱ አንድ ጊዜ ይሳባል፤ አለሁ። እሷም ትመልሳለች፤ አለሁ። በሁለተኛው ቀን ባሻ ያለ ምክንያት ደጋግሞ ይስብ ጀመር። ወሬ መሆኑ ገባት።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጉሙ ቀጠነ። ከግዙፍ ኮሶ ላይ የዛፍ ሽበት እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጓል፤ በሽበቱ መካከል የቅርፊት ስባሪ የመሰለች ነገር ተነቃነቀች። ሐመልማል ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበች። እናቷ እንዳስተማረቻት ምልክቶቹን ቆጠረች። የተራዋ የእሳት እራት ቀንድ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ የዚህችኛዋ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ነበር። ተራዋ ስታርፍ ክንፏን ትዘረጋለች፤ ይህች እንደ ጎጆ ክዳን ከድናዋለች። በየክንፏ ጠርዝ አንዳንድ አረንጓዴ ነጥብ አለ። ብራናውን ዘርግታ ብርዑን ነከረች። ያኔ የመጀመሪያው ጮራ ዛፉን ነካ፤ ፍጥረቷም ክንፏን ከፈተች። የጸዳሎን አንጥረኞች ሁሉ ተሰብስበው ያላቀለጡት መዳብ ከሥሩ በራ። ከሽበቱ ሌላዋ ተነሣች፣ ከዚያ ሌላዋ፤ ኮሶው ከሥር እስከ ጫፍ ጋለ።

«ወይኔ ሸንቁጥ!» አለ ባሻ። «እንዲህም አለ እንዴ!»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ምድር ተንሸራተተ። ዋጦ ከጉሙ ራሱን አወጣ፤ ዓይን የለውም፣ እንደ ዋሻ የተከፈተ አፍ ብቻ። ሐመልማል ገና አንዱን ክንፍ ብቻ ነበር የሣለችው። ባሻ አያት፣ ብራናውን አየ፣ ገመዱን በቢላዋ በጠሰ።

«ሳዪ አንቺ!» አላትና ወደ ጉሙ እየሮጠ ፎከረ። «ዘራፍ! የድምጡር አሽከር! በአንድ ጦር ሠላሳ የዘረርኩ! ወንዝ በደረቴ ያቆምኩ! ነብር ጆሮውን ይዤ የመከርኩ!»

ዘንዶው ተከተለው። ሐመልማል እንባዋ ብራናው ላይ እንዳይወድቅ አንገቷን አዘንብላ ሣለች። ፉከራው እየራቀ፣ እየሰለለ ሄደ፤ ከዚያም ጠፋ። ሥዕሏን ጨርሳ ሄዳ ስትፈልገው ባሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ዋጦ ከጎኑ ሆዱ ተነፍቶ ተኝቶ አገኘቻቸው። ያን ያህል ውሸት በአንድ ጊዜ በልቶ አያውቅም ነበር።

«ሰባቱንም ዘመቻ ወሰደብኝ» አለ ባሻ በሹክሹክታ። «አንዱም ትዝ አይለኝም። የቀረችኝ የዛሬዋ ብቻ ናት።»

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ችቦ ያዦች ሸለቆው አፍ ላይ ቆመው ምልክት ሲጠብቁ፣ ሁለቱ በመዝገቡ ፊት ማሉ። ሊቀ መዝገቡ ሥዕሉን ገልብጦ ገላብጦ አየ። ነውር አጣበት።

«መሐላው ጸድቋል» አለ። «ችግሩ ሌላ ነው፤ መዝገቡ ሞልቷል። አንድ ስም ካልተፋቀ አንድ ስም አይገባም። የተፋቀውን ደግሞ ማንም አያስታውሰውም፤ የወለደችው እናት እንኳ።»

«የንጉሡ ፈረሶች አርባ መስመር ይዘዋል» አለች ሐመልማል።

«ማዕረግ አላቸው!»

«ሙታንስ?»

«ዘመድ አላቸው፤ ይከሱናል።»

ባሻ ወደፊት ተራመደ። «የኔን ፋቁት። ጡረተኛ ነኝ።»

«እርስዎን ማታ ማታ ደጅ የሚጠብቁ የልጅ ልጆች አሉ፣ ባሻ።»

«አንቺንስ?»

ሐመልማል መፋቂያውን ከጠረጴዛው አንሥታ ስሟን በራሷ እጅ ፋቀች፤ በቦታውም ጻፈች፦ መዳብ-ለበስ። በሰመመን ሸለቆ፣ በኮሶ ሽበት ላይ፣ ጎህ ሲቀድ። ሕያው ታየች።

ሊቀ መዝገቡ ቀና ብሎ በትሕትና ጠየቃት። «ምን ፈልገሽ ነበር፣ እኅቴ?»

ችቦዎቹ ጠፉ። ንጉሡም ብናኙ የሰማይ ሽልማት መሆኑን አስነገረ፤ በዓሉም በሌላ ሜዳ እንዲሆን አዘዘ። ሐመልማል ወደ ምሥራቅ በር ስትወርድ ባሻ ሸንቁጥን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመቤት። ቸኩለሻል? አንድ ታሪክ አለኝ፤ አንድ ብቻ። እውነት ነው ታዲያ!»

ተቀመጠች። ስለ ጉሙ፣ ስለ ዘንዶው፣ ስለ ጋለው ዛፍ ነገራት፤ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አላጋነነም። ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ።

«አንድ ነገር ግን አልገባ ብሎኛል። ለአንድ ሰው ‹ሳዪ› ያልኩ ይመስለኛል። ለማን ነው ያልኩት? ብቻዬን አልነበርኩም እንዴ?»

ዓይኖቹን ተመለከተች። ሽማግሌው በዚህ ጥያቄ ቀሪ ዘመኑን ሲብሰለሰል ታያት።

«ብቻዎን ነበሩ፣ ባሻ» አለችው። «ጀግና ነዎት።»

«ይመስለኝ ነበር» አለ እፎይ ብሎ።

ተነሥታ መንገዷን ቀጠለች። ከኋላዋ ባሻ ለሌላ መንገደኛ ታሪኩን ከመጀመሪያው ሲጀምር ይሰማታል።