ከአረንጓዴው ቀለም ሥር

ሬሳው ከአሮጌዋ የናፍጣ መኪና ሥር ተጎትቶ ሲወጣ መርማሪዋ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን የደረት ኪሱን ነው። የመነጽር ማኅደር አወጣችና ከፈተችው። መነጽሩ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፣ የነካችውን ሳትወጋ አታልፍምና።

ሟቹን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጆሮ» በሚል ቅጽል ነው፤ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር መካኒክ ነበር። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሁሉ እሱን ሳያስከትል አይሄድም። ዛሬ ግን የመጣው ለገዛ ሴት ልጁና ለሹፌሩ አማቹ ነበር፤ ባልና ሚስቱ ይህችን መኪና ገዝተው ከሰው ቅጥር ሊወጡ ነው። አሁን አማቹ እጁ በካቴና ታስሮ መኪናዋ የቆመችበትን የቆርቆሮ መጠለያ ግድግዳ ተደግፏል። ሚስቱ ደግሞ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት፤ በአንድ ቀን አባቷንም ባሏንም ልታጣ ነው። ማየቱ ራሱ አንጀት ይበላል።

ፖሊሶቹ ጉዳዩን ከሞላ ጎደል ዘግተውታል። መኪናዋ የተነሳችበት ክሪክ የአማቹ ነው፤ ቀደም ብሎም ከአማቱ ጋር ሲጯጯሁ ተሰምተዋል።

መርፌ መኪናዋን በሚያሻሽጠው ደላላ ጀመረች። ይህ ሰው ካልከለከሉት ለሬሳውም መኪና ይሸጥለታል።

«ጠቡ በምን ተነሳ?»

«እኔ ምን አውቄ እትዬ! ጆሮ ሞተሩን ሳይሞቅ አስነሳው፤ ጭሱን አየ፣ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ትንፋሹን አዳመጠ። ደስ ብሎት ነበር እኮ! ከዚያ ያቺን ማግኔቱን አውጥቶ ቆርቆሮውን ይዳስስ ጀመር። ድንገት ፊቱ ልውጥ አለና አማቹን ‹ውጣልኝ ከዚህ! ዓይንህን አልይ!› ብሎ ጮኸበት። ልጁ ተናዶ ወጣ፣ እኔም ላበርደው ተከተልኩት።»

«ደረስክበት?»

«የት ተደርሶበት! ሲጋራ ገዝቼ ስመለስ ሰውየው አልቆለታል።»

ማግኔቱ ከሟቹ እጅም፣ ከቦርሳውም፣ ከመሬትም አልተገኘም።

የመኪናዋና የግቢው ባለቤት ፋርማሲስት ነው፤ ጥፍሩ የጸዳ፣ ድምፁ ለበሽተኛ የሚያወራ የሚመስል። «እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ» አላት። «ስለ መኪና የማውቀው ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። ልጁ ተመልሶ ሲገባ በመስኮት አየሁት፤ ወዲያው ጓ ሲል ሰማሁ።»

«ተመልሰሃል?» አለችው አማቹን።

«አልተመለስኩም፤ ፖሊሶቹ ናቸው ከመንገድ ያመጡኝ። አባባ ጮኸውብኝ አያውቁም። እኔም በንዴት ‹የሚሞቱ ቀን እገላገላለሁ› አልኳቸው። የመጨረሻ ቃሌ ይኼ ሆኖ ቀረ።»

መርፌ ወደ ልጅቱ ዞረች። «አባትሽ ያገለገለ መኪና ማየት የጀመረው መቼ ነው?»

«እማዬን መኪና ገጭቷት ካመለጠ በኋላ። ጋራዡን ዘጋና ከግቢ ግቢ ይዞር ጀመር። ሐዘኑን ሊረሳ መስሎኝ ነበር።»

«የገጫት ምን ዓይነት መኪና ነው?»

«ነጭ ነው። ከዚያ ሌላ ያየ ሰው የለም።»

መኪናዋ አረንጓዴ ናት። መርፌ ውሃ ልጠጣ ብላ ወደ ቤቱ ገባችና ከማቀዝቀዣው በር ላይ የዓሣ ቅርጽ ያላት ማግኔት ነቅላ ተመለሰች። ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር፤ የቆርቆሮው መጠለያ ውስጥ የሰው ፊት በቅጡ አይለይም። ሁሉንም በመኪናዋ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ይህ የቅርብ ማያ መነጽር ነው፤ ጆሮ ያለ እሱ ቅርቡን አያይም» አለች። «መነጽሩን ኪሱ ከትቶ መኪና ሥር ምን ሊያይ ይገባል? አልገባም። ከሞተ በኋላ ነው ያስገቡት።»

«አማቹ ነዋ!» አለ ፋርማሲስቱ።

«ወደ ታች ይመልከቱ። ዘይቱ ከየት የፈሰሰ ይመስልዎታል? ክሪኩ የቆመው የሞተሩ ዘይት በሚጠራቀምበት ስስ ቆርቆሮ ሥር ነው። ቆርቆሮው ተቀደደ፣ ክሪኩም ተንሸራተተ። ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲቀይር የኖረ ሹፌር እዚያ ያቆመዋል?»

«አብዷል እንዴ!» አለ ደላላው ማንም ሳይጠይቀው።

«አየህ፣ አንተም አታቆመውም። እዚያ የሚያቆመው ከቁልፍ ማዞር በቀር የማያውቅ ሰው ነው።»

የፋርማሲስቱ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ ሰውየውን የት አውቄው? ለምን ብዬ?»

መርፌ ማግኔቷን የመኪናዋ በር ላይ አደረገች፤ ተለጠፈች። ኮፈኑ ላይም ተለጠፈች። በግራ በኩል ከፊት ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ስታደርጋት ግን መሬት ወደቀች።

«ይኼ ብረት ሳይሆን የተጨረመተ ቆርቆሮ የሚሞላበት ስቱኮ ነው።» በጩቤ ጫፍ ፋቀችው። አረንጓዴው ተነሳ፣ ከጠርዙ ሥር ነጭ ቀለም ወጣ። ልጅቱ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባትሽ የዞረው ሐዘኑን ሊረሳ አይደለም። ይህችን መኪና ሲፈልግ ኖሮ ዛሬ አገኛት።» የአማቹን ካቴና ራሷ ፈታችለት። «አንተንም ያባረረህ ጠልቶህ አይመስለኝም። ከባለቤቱ ጋር ብቻውን ሊፋጠጥ ነበር፤ ነገር ከመጣ አንተ እንዳትኖርበት ነው። የሚወለደው ልጅ አባት ያስፈልገዋል።»

አማቹ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ያቺ ክፉ ቃል ግን ከእንግዲህ የምትመለስ አይደለችም።

ፖሊሱ የፋርማሲስቱን ኪስ ሲፈትሽ የቁልፉ ዘለላ ከጆሮ ማግኔት ጋር ተጣብቆ ወጣ። ደላላው ፈጥኖ ስለተመለሰ የሚጥልበት ጊዜ አላገኘም ነበር።

«መኪናዋን ማን ሊያያት እንደሚመጣ አልነገረኝም» አለ ፋርማሲስቱ ደላላውን እያየ። «ሰውየው አልተቆጣኝም። ‹ጥለሃት ስትሄድ ሞታ ነበር?› ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። መልሴን ሰምቶ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ያን ጊዜ የክሪኩን እጀታ አነሳሁ።»

ልጅቱ ተጠግታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ምን አልከው?»

ወደ ፖሊሱ ዞረ።

«አባቴ ሰምቶት ነው የሞተው። እኔም እሰማዋለሁ። ምን አልከው?»

«‹አልሞተችም› አልኩት። ‹ወርጄ ሳያት የኮቴን ጫፍ ይዛ ነበር፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ ሄድኩ› አልኩት።»