ዲስኩ እስኪሰበሰብ

ፅዮናዊት ዲፍራግ የሚባለውን ነገር ለረጅም ጊዜ ተሳስታ ስትረዳው ኖራለች። ኮምፒውተሩ በዲስኩ ላይ የተበታተኑትን ፋይሎች እየለቀመ ወደ አንድ ሥፍራ ሲሰበስብ፣ ከሚያሠራው ሰው በቀር ማንም በክፍሉ ውስጥ መገኘት የለበትም ብላ ታምን ነበር። እንዲህ ያለቻት የቅርብ ጓደኛዋ ናዒማ ናት። የናዒማ ወንድም ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ስለዚህ ቃሏ አይጠረጠርም።

«አቦ ውጪልኝ! ወለሉ ከተነቃነቀ ዲስኩ ይጫጫራል፤ ከዚያ ፋይልሽን አፈር በላው!»

ትምህርት በማይኖርበት በዓርብ ዓርብ ናዒማ የእነፅዮናዊትን ቤት አሮጌ ኮምፒውተር «ስታክም» ፅዮናዊት በረንዳው ላይ በወበቅ ተቀቅላ ትጠብቃለች። ስትጨርስ ደግሞ ታመሰግናታለች።

ሐሙስ ዕለት የፈረንሳይኛ መምህራቸው ሙሴ ጃቢር በትምህርት ቤቱ በዓል በወላጆች ፊት የሚቀርበውን ድርሰት መረጡ። የናዒማ ነበር። ጮክ ብለው ሲያነቡት፣ ፅዮናዊት በእንቅልፍ ልባቸው የመኪና ጥሩምባ በሰሙ ቁጥር የአልጋውን ብረት እንደ ፍሬን ጨምድደው የሚይዙ የአንድ የባቡር ሠራተኛ ታሪክ ሰማች። እኒያ ሰው የእሷ አያት ነበሩ። ከቤታቸው አሮጌ ኮምፒውተር በቀር የትም ያልሰፈረ፣ ለእናቷ እንኳ ያላሳየችው ጽሑፍ ነበር። የናዒማ አያት ጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

ቤት እንደገባች ታላቅ ወንድሟን ጠየቀችው።

«ልደቱ፣ ዲፍራግ ሲደረግ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ ዲስኩ ይበላሻል?»

«ማን ቀለደብሽ?» ሳቀ። «የምትወጂውን አስቀድመሽ ፍላሽ ላይ ገልብጪ፤ ዲስኩ ስሕተት እንደሌለበት አስፈትሺ፤ መሐል ላይ መብራት እንዳይቋረጥብሽ ተጠንቀቂ። ከዚያማ ፊቱ ተቀምጠሽ ሳምቡሳሽን ብዪ!»

ፅዮናዊት አልሳቀችም። እሷ ውጭ ስትጠብቅ ናዒማ ጽሑፎቿን እየከፈተች ታነብ፣ ትገለብጥ ኖሯል። የበረንዳው ወበቅ ሁሉ አሁን ገና ሰውነቷን ለበለበው። ከመዘረፏ ይልቅ፣ ለዘራፊዋ በር ከፍታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አቅርባ፣ በገዛ እግሯ ወጥታላት መሄዷ አንገበገባት።

በማግሥቱ ናዒማ እንደ ልማዷ መጣች።

«ዛሬም ላክመው?»

«አክሚው። እኔም እዚሁ ነኝ።»

ናዒማ ዓይኗን ሰበረች። ስክሪኑ ላይ የተበታተኑትን ፋይሎች የሚያሳዩት ቀያይ መስመሮች ቀስ በቀስ ሰማያዊ ሲሆኑ ሁለቱም አዩ።

«አያቴን ለምን ወሰድሻቸው?»

«አንቺ መቼም አታወጪው!» አለች ናዒማ። «ቀብረሽ ልታኖሪው ነው። ዋላሂ፣ ሲነበብ ክፍሉ እንዴት ጸጥ እንዳለ አላየሽም? ዝም በይልኝ፤ ለበዓሉ አባቴ ሊሰሙኝ ይመጣሉ። እህቴ አይደለሽ?»

ፅዮናዊትን ከሁሉ ያመማት እውነት የነበረው ቃል ነው። ጽሑፉን ለሰው ለማሳየት በእርግጥ አልደፈረችም ነበር።

«እሑድ ለሙሴ ራስሽ ንገሪያቸው» አለች።

ናዒማ ተነሥታ ወጣች።

እሑድ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህሩ ናዒማን ለልምምድ ወደ ፊት ጠሯት። ወረቀቱን ይዛ ቆመች፤ ወደ ፅዮናዊት ሳታይ ማንበብ ጀመረች። ፅዮናዊት የመጀመሪያው አንቀጽ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ እጇን አውጥታ ተነሣች፤ ጽሑፉ የእሷ፣ ሰውየውም አያቷ ገብረማርያም መሆናቸውን በክፍሉ ሁሉ ፊት ተናገረች።