ጥቁር ክር በእታለም አንገት

እታለም የሞተችው ተቀምጣ ነው። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ሁለት ትራስ ከኋላዋ ደርድራ፣ አየር ፍለጋ የተከፈተው አፏ እንደተከፈተ ቀረ። እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የክፍል ጓደኛዋ ሁመይራ ከአባያ ስፌት ሥራዋ ስትመለስ አገኘቻትና፣ ጩኸቷ የዐቅረቢያን ሰፈር መንገደኛ ሁሉ ደረጃው ሥር ሰበሰበው።

ሟቿ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት፤ የጎጃም ልጅ። ልጅ ሳለች እንቅርት እንዳይወጣባት ተብሎ አንገቷን ተነቅሳለች፤ ዙሪያውን ቀለበት፣ ከቀለበቱ ወደ ደረቷ የሚወርዱ ቀጫጭን ጭረቶች። ንቅሳቱ ምንም አልከለከለላትም። እንቅርቱ አድጎ አድጎ መዋጥ ሲከለክላት፣ ከሳምንት በፊት ዐረብ አገር፣ ደማም ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል አስወጣችው።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላት ሐኪም አስከሬኗን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ። ከፋሻው ሥር ዘጠኝ ቦታ የተሰፋ ጥቁር የልብስ ክር ነበር።

«ይህ የእኛ ስፌት አይደለም» አለ። «እኛ ከቆዳ ሥር በሚሟሟ ክር ነው የምንዘጋው። አንድ ሰው ቁስሉን ከፍቶ እንደገና ሰፍቶታል። ውስጡ ደም ተጠራቅሞ የአየር ቧንቧዋን ተጭኖታል።»

ፖሊስ ብዙ አልደከመም። ክሩ የተገኘው ከሁመይራ የስፌት ሣጥን ነው፤ ሁመይራም ልብስ ሰፊ ናት። ሰኞ ጠዋት ወሰዷት። ፓስፖርቷ ላይ የመጨረሻው መውጫ ቪዛ፣ ኹሩጁ፣ ተመትቶ ለረቡዕ ትኬት ቆርጣ ነበር። ኮምቦልቻ ስድስት ዓመት ያላየቻት ልጅ አለቻት። እስከ ረቡዕ ንጹሕነቷ ካልታወቀ አውሮፕላኑም ልጇም ይቀራሉ፤ የሚጠብቃት እስር ቤት ነው።

ለምርመራው አስተርጓሚ ሆና የተጠራችው ከውሰር ናት። ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህ ግን የሌላ ሰው ጥያቄ ወዲህና ወዲያ ማመላለስ ነው እንጀራዋ።

«ለማስተርጎም ብቻ ነው የጠራሁሽ» አላት መቶ አለቃ ፋሪስ በዐረብኛ።

«እሺ» አለች ከውሰር። እሺታው ከአፏ አላለፈም። የአስከሬኑን ፎቶዎችና የሟቿን ስልክ እንዲያሳያት ጠየቀች፤ እሱም የሴትዮዋን ዐይን አይቶ መከልከሉን ተወው።

ስልኩ ውስጥ እታለም ከሆስፒታል በወጣች ዕለት ለእናቷ የላከችው ቪዲዮ ነበር። ፋሻዋን ገለጥ አድርጋ «አየሽው እማዬ? ጭረቱ እንኳ አልተዛነፈም» እያለች ትስቃለች። እውነትም ሐኪሙ ሲዘጋው የንቅሳቷን ጭረቶች ጫፍ ለጫፍ አገናኝቷቸዋል። ከውሰር ቪዲዮውን ከአስከሬኑ ፎቶ ጋር አስተያየች። በፎቶው ላይ ጭረቶቹ ተዛንፈዋል፤ ከላይ የወረደው ከታቹ ጋር አይገናኝም።

ሁመይራን አምጥተው አስቀመጧት። ፊቷ አብጧል፤ ራሷ የሰፋችው ባለ መስመር ቀሚስ ለብሳለች።

«አንገቷን የሰፋሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት ከውሰር።

«ወላሂ አልነካኋትም፣ እትዬ። እኔ ቁስል ማየት እንኳ አልችልም።»

«ክሩስ?»

«የኔ ነው። ሣጥኑ ክፍት ነው የሚውለው፤ ቁልፍ የተበጠሰበት ሁሉ ከዚያ ነው የሚያነሳው።»

«ማበጧን አላየሽም?»

«ቅዳሜ አየሁ። ድምጿም ወፍሮ ነበር። ሆስፒታል እንሂድ ስላት፣ ‹ነገ ቀጠሮዬ ነው፤ እብጠቱም ያለ ነው ተብያለሁ› አለችኝ።»

«ማን ነው ያላት?»

«ሐኪሙ መስሎኝ… አልጠየቅኳትም።» ሁመይራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ምነው በጠየቅኳት! ምነው ጎትቼ በወሰድኳት!»

ከውሰር ይህን ሁሉ ቃል በቃል አስተረጎመች። ዐይኗ ግን የቀሚሱ ጎን ላይ ነበር። ከፊት የመጣው መስመር ስፌቱን ተሻግሮ ከኋላው ጋር፣ በኪሱም ላይ ሳይቀር፣ ልክ ለልክ ይገጥማል።

ከቀትር በኋላ ከውሰርና መቶ አለቃው ወደ ዐቅረቢያ ሄዱ። ምድር ቤቱ የኑርዲን የሶፋ ማደሻ ነው። ፎቁን ለሴቶቹ ያከራየውም እሱ ነው፤ የሐይቅ ሰው፣ ቁጡ።

«አምቡላንስ ደጄ እንዳይቆም ብያለሁ፤ አልክድም» አለ ሳይጠየቅ። «እዚህ ሕንፃ ላይ ኢቃማ የሌለው፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ሰው አለ። ጣጣና ሙሽኪላ አታምጡብኝ አልኩ። ሙቺ ግን አላልኳትም፣ አስተግፊሩላህ!»

«አንተም እኮ ትሰፋለህ።»

«ቆዳ ነዋ!» ቀኝ እጁን ዘረጋላት። ሁለቱ ጣቶቹ በማሽን ተጨፍልቀው አይታጠፉም። መርፌውን የሚስበው በፒንሳ ነው፤ ክሩም የጣት ያህል ሊወፍር ምንም አልቀረው።

ፎቅ ላይ የተቀበለቻቸው ሦስተኛዋ የክፍሉ ነዋሪ መቲ ናት። ካፊሏን፣ ማለትም አሠሪዋን፣ እስክትቀይር ሥራ ስለሌላት ቤት ትውላለች፤ እታለምን ስታስታምም የሰነበተችውም እሷ ናት። ሻይ አቀረበች፣ ዐይኗን ጠረገች፣ ለሁመይራ አለቀሰች።

«እንዲያው ምን ነካት?» አለች። «ዓርብ እኔ ወጥቼ ሳለሁ ይሆናል እንግዲህ የሰፋቻት። ክፋት አስባ አይመስለኝም፣ እትዬ ከውሰር። ልርዳት ብላ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች ከውሰር፤ የስፌት ሣጥኑን እያገላበጠች። ወዲያው «ውይ!» አለች፤ መቀሱ ጣቷን ቆርጧታል። በስሕተት ይሁን ሆን ብላ እሷ ታውቃለች።

መቲ ተስፈንጥራ ተነሳች። የከውሰርን እጅ ከፍ አድርጋ ያዘች፣ ቁስሉን ጫን አለች፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ጠረገች፣ በጨርቅ ጠቅልላ ፕላስተር አደረገችበት። ሲፈታ በቀላሉ እንዲነሳም የፕላስተሩን ጫፍ አጠፍ አደረገችው።

«እጅሽ ደግ ነው። የት ተማርሽው?»

«የት እማራለሁ? የማዳም ልጆች ሲወድቁ ሲነሱ ለመድኩት።»

ከውሰር አመስግና ወጣች። ደረጃው ላይ መቶ አለቃውን ክንዱን ይዛ አቆመችው።

«ሆስፒታሉ ደውልልኝ። እሑድ ቀጠሮ ነበራት፤ ለምን ሳትሄድ ቀረች?»

መልሱ ከደቂቃዎች በኋላ መጣ። ቀጠሮው ተላልፏል። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ከእታለም ስልክ ደውላ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ትኩሳት የላትም፤ ድሬሲንጉ ንጹሕና ደረቅ ነው» ብላ ስለ ፋሻው ነግራ ቀኑን አራዝማለች። መዝጋቢዋ ቃሉን እንዳለ ጽፋዋለች።

«እንግዲህ» አለች ከውሰር፣ «ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰብስብልኝ። ሁመይራንም ጭምር።»

መቶ አለቃው ማን ማንን እንደሚያዝ ግራ ገባው፤ ግን ሰበሰባቸው።

ማክሰኞ ኑርዲን በሩ አጠገብ ቆመ። መቲ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሁመይራ በሁለት ሴት ፖሊሶች መካከል ገብታ የእታለምን ባዶ አልጋ ስታይ ተንሰቀሰቀች። ከውሰር ፎቶዎቹን አልጋው ላይ ዘረጋች፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በዐረብኛ መናገር ጀመረች።

«መጀመሪያ ሁላችንም ክሩን አይተን ልብስ ሰፊዋን ያዝን። እስቲ ስፌቱን እንየው። እያንዳንዱ ለብቻው ተቋጥሮ ለብቻው ተቆርጧል፤ ዘጠኝ ስፌት፣ ዘጠኝ ቋጠሮ። ልብስ የሚሰፋ ሰው እንዲህ ይሰፋል ወይ፣ ኑርዲን?»

«የምን! አያይዞ ሄዶ መጨረሻው ላይ ነው የሚቋጥረው። ቆዳም እንደዚያው ነው።»

«እሺ፣ ሁመይራ ለማሳሳት ብላ ነው እንበል። አሁን ንቅሳቱን እዩ። ሐኪሙ ሲዘጋው ጭረቱ ገጥሞ ነበር፤ በሁለተኛው ስፌት ተዛነፈ። የዚህችን ልጅ ቀሚስ ደግሞ እዩ። ኪሷ ላይ እንኳ መስመር አትስትም። አሥራ ስድስት ዓመት መስመር ከመስመር ስታጋጥም የኖረች እጅ፣ ሳታስበው እንኳ ያጋጥማታል። ይህን የሰፋው ሰው ግን የሚያየው ሥጋውን ብቻ ነው፤ ቁስል መዝጋት እንጂ መልክ ማጋጠም አለመደም።»

መቶ አለቃው ወደ ቀሚሱ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። የሁመይራ ልቅሶ ቆመ።

«ኑርዲንስ?» አለ መቶ አለቃው።

«በነዚያ ጣቶች ይህን ቀጭን ክር አይቋጥርም። ደግሞም ሆስፒታል የደወለችው ሴት ናት። እታለም አይደለችም፤ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ድምጿም ታፍኖ ነበር። ሁመይራም አይደለችም፤ በዚያ ሰዓት ሥራ ቦታ ነበረች። ‹ድሬሲንጉ ንጹሕና ደረቅ ነው› የሚል ሰው ሕመምተኛ ክፍል የቆመ ሰው ነው።» ጣቷን ዘርግታ አሳየች። «ትናንት መቲ ይህን አሰረችልኝ። የፕላስተሩን ጫፍ ተመልከቱ፤ ታጥፏል። አሁን ፋሻው ሳይፈታ የተነሳውን የእታለምን ፎቶ ተመልከቱ። ይኸውና፤ እዚህም ታጥፏል። አንቺ ነርስ ነሽ፣ መቲ።»

መቲ ለመካድ አፏን ከፈተች፤ ዙሪያዋን አየችና ትከሻዋ ወረደ።

«አገሬ አራት ዓመት ሠርቻለሁ» አለች። «እዚህ በቤት ሠራተኛ ቪዛ ነው የመጣሁት። አንድ ክሊኒክ ተቀብሎኛል፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናዬ ሐሙስ ነው። ዓርብ ዕለት ቁስሏ ውሃ ቋጥሮ ጫፉ ተከፈተ። ራሷ ናት አውጪልኝ ብላ የለመነችኝ። አወጣሁላት፤ ግን ደም አመጣ። ስጫነው ቆመ፤ እኔም ሰፋሁት።»

«የውስጡ ግን አልቆመም።»

«ቅዳሜ ሲያብጥ ገባኝ። ‹እብጠት ያለ ነው› ያልኳትም እኔ ነኝ።»

«ሲገባሽስ? ሆስፒታል ብትሄድ ከፍተው ደሙን ያፈሱላት ነበር። እንዲህ ያለ አንገት ሲያብጥ የሚደረገውን ከኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«ስፌቱን ያዩታላ!» መቲ ጮኸች። «ማን ሰፋሽ ሊሏት ነው። ያለፈቃድ ሰው መንካቴ ከታወቀ ፈተናውም ክሊኒኩም ኸላስ፣ አለቀ! ይጎድላል ብዬ ነበር፤ በእግዚአብሔር፣ ይጎድላል ብዬ ነበር።»

«እያበጠ ሄደ እንጂ አልጎደለም። እሑድ መተንፈስ ሲያቅታት የት ነበርሽ?»

መቲ ዐይኗን አልጋው ላይ ከተዘረጉት ፎቶዎች አነሳች።

«ኮርኒሽ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሄጄ ተቀመጥኩ» አለች። «ሲያንኮራፋት መስማት አልቻልኩም።»

ኑርዲን ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ከውሰር ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመቶ አለቃው ስታስተረጉም ድምጿ ተሰበረ፤ ደሴ ላይ በነበረችባቸው ዓመታት ሁሉ ምርመራ ላይ አልቅሳ አታውቅም።

«ላድናት ነበር እኮ፣ እትዬ» አለች መቲ።

«ዓርብ እሷን ልታድኚ ነበር። እሑድ ግን ራስሽን ነው ያዳንሽው።»

መቶ አለቃ ፋሪስ የሁመይራን ፓስፖርት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። የነገው በረራ እንደሚጠብቃት ከውሰር አስተረጎመችላት። ሁመይራ ፓስፖርቱን ደረቷ ላይ ይዛ ተነሳች፤ ግን ወደ በሩ አልሄደችም። መቲ ፊት መጥታ ቆመች።

«ሰኞ ሲወስዱኝ ደረጃው ድረስ ሮጠሽ ደርሰሽብኝ ነበር» አለቻት። «ዳቦ ጠቅልለሽ አስያዝሽኝ። አንገቴን ይዘሽ አለቀስሽ። ‹አይዞሽ፣ እውነቱ ይወጣል› አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ያኔ ለኔ አዝነሽ ነበር፣ ወይስ እንዳልጠረጥርሽ ነው?»

መቲ ቀና ብላ አየቻት። ሁመይራ ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ ዳቦውን ርቧት መብላቷን፣ የመቲም እንባ እውነት መስሏት አብራት ማልቀሷን ነገረቻትና ደረጃውን ብቻዋን ወረደች።