ከምሰሶው ላይ የተፋቀው ስም

በመረምቢጂ ወንዝ ዳር፣ በትረዛይዝ ቤተሰብ እርሻ ላይ፣ አንድ አባት ለሁለት ልጆቹ ጎን ለጎን የሠራቸው ሁለት ቤቶች አሉ። በአንደኛው ታላቅየው አልቢ ብቻውን ይኖራል። ሁለተኛው ግን ከተዘጋ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የዚያ ቤት ጌታ፣ ታናሽየው ዱድሊ፣ ወንዙን ተሻግሮ በመኪና በሚጎተት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር የሚኖረው። በወንድማማቾቹ መካከል ከወንዙ በቀር ምንም አልነበረም። አልቢ ውሻው ላይ ሲጮህ ዱድሊ ይሰማል፤ ዱድሊ ሲያስል አልቢ ይሰማል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ግን አንዲት ቃል ወንዙን ተሻግራ አታውቅም! ታዲያ አንድ ማለዳ አልቢ የወንድሙን ሳል ጠብቆ አጣው። በማግስቱም አጣው። በሦስተኛው ቀን «እንኳን ቀረ፤ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር» አለ ጮክ ብሎ። ለማን ነበር የሚናገረው? ቤቱ ውስጥ እኮ ከውሻው ሌላ ማንም አልነበረም…

ነገሩ የጀመረው በዚያ በታላቁ ሙላት ነው። የአልቢ ሚስት ኖሪን፣ ሳቋ ከበግ መሸለቻው አዳራሽ እስከ ወንዙ የሚሰማው ኖሪን፣ እርጉዞቹን በጎች ከታችኛው ሜዳ ልታወጣ ወረደች። «ሂጂ፣ አትፍሪ፤ ክትሩ ይይዛል» ያላት አልቢ ራሱ ነበር። ከወንዙ ዳር የተከመረው የአፈር ክትር ግን አልያዘም! አፈሩ ሲፈነዳ አልቢ ከኮረብታው ላይ ቆሞ አየ፤ ከፈረሰው ቦታ አጠገብም ወንድሙን ከነአካፋው አየው። ኖሪን በሦስተኛው ቀን በአጥር ሽቦ ተይዛ ተገኘች። ከቀብር የተመለሰው አልቢ እንባውን ሳይጠርግ መሮውን አነሣ። በመሸለቻው መግቢያ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ አለ፤ ወንዙ በሞላ ቁጥር ውሃው የደረሰበት ከፍታ ላይ ሚስማር ይመታል፤ ከጎኑም ያንን ውሃ አብረው ቆመው ያዩ ሰዎች ስም ይቀረጻል። የአያት፣ የአባት፣ የሁለት ወንድማማቾች… አልቢ ከልጅነት እስከ ጉልምስና የተቀረጸውን የዱድሊን ስም አንድ በአንድ ፋቀው። የራሱን ሰብል ለማዳን ክትሩን በአካፋ የቆረጠ ወንድም ስም ምን ይሠራል?

ወንዙን ወደ ቀድሞ ሕይወቱ ለመመለስ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ብሮንዊን የምትባል ወጣት የላከው ይህንን ሁሉ ሳያውቅ ነበር። በወንዙ ዳርቻ ያሉ አርባ አንድ ባለመሬቶች ፈርመዋል፤ የቀረው የትረዛይዝ ብቻ ነው። ያ ካልተፈረመ ግን ከላይኛው ግድብ አንዲት ጠብታ አትለቀቅም። ወጣቷ ስትመጣ ይህ ሰባተኛ ጊዜዋ ነበር።

«ደግሞ መጣሽ?» አለ አልቢ ከበሩ ላይ።

«መጣሁ። ኬክም ይዣለሁ።»

«ያለፈው ኬክሽ ድንጋይ ነበር። ሚኒስትር እንኳ ትቶታል፤ እሱ ደግሞ የሞተ በግ አይተውም!»

ሚኒስትር ውሻው ነው። ስሙን ያገኘው በልቶ ከመተኛት በቀር ሥራ ስለሌለው ነው።

«ደግሞስ መንግሥት ነው ውሃ የሚልክልኝ? ደብዳቤ እንኳ በሰዓቱ ልኮልኝ አያውቅም።»

«ሊለቀቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እኔው ራሴ እደውልልዎታለሁ፤ በጎቹን ወደ ላይ ያወጣሉ። መሬቱ የእርስዎ እንደሆነ ይቀራል። ውሃው በየጥቂት ዓመቱ በታችኛው ሜዳ ላይ እንዲያልፍ ፈቃድ ብቻ ነው የምንጠይቀው። ኩሬው ደርቋል፣ ቀይ ባሕር ዛፎቹ ቆመው እየሞቱ ነው። እርስዎም ያያሉ።»

«አያለሁ። ፈቃዱ ስንት ፊርማ ነው የሚፈልገው?» አለ አልቢ ወደ ውስጥ አስገብቷት ሻይ እየቀዳ።

ብሮንዊን አቀረቀረች። «መሬቱ በሁለታችሁ ስም ነው… አቶ ዱድሊ ሆስፒታል ናቸው። ሳንባቸው ነው። ከብርዱ ወራት አያልፉም ይላሉ።»

አልቢ የሻይ ኩባያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ድምፁ ግን እንደ ድንጋይ ደረቅ ነበር። «የሚስቴ ገዳይ ስም ካለበት ወረቀት ላይ ስሜን አላሰፍርም!»

ምስኪኗ ብሮንዊን ወሬውን ለመቀየር ያህል ትናንት የደረሳትን የመሐንዲሶች ካርታ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ይሄ ሰማያዊው የድሮው ጅረት አፍ ነው። ሙላት ሲመጣ ውሃው በዚህ ገብቶ ወደ ኩሬው ይተነፍስ ነበር። የሆነ ሰው ደፍኖታል። ከአፈሩ ሥር ብረት አግኝተዋል፤ የመኪና አካል ነው ይላሉ። በታላቁ ሙላት ጊዜ መተንፈሻ ስላጣ ውሃው በሙሉ ክትሩን ተጫነው። ክትሩ በሰው እጅ አልተቆረጠም፤ ከሥሩ ተቦርቡሮ ነው የፈነዳው።»

መኪና… አልቢ ያንን መኪና ያውቀዋል! ከሙላቱ በፊት በነበረው በጋ፣ ጥቂት ተጨማሪ ገብስ ሊዘራ ብሎ፣ የአባቱን አሮጌ መኪና በትራክተር ገፍቶ ጅረቱ አፍ ውስጥ የወተፈው እሱ ራሱ ነበር። የአገሩ ገበሬ ሁሉ አሮጌ መኪናውን የሚቀብረው እንዲሁ ነው። አፈር አልብሶት ሲጨርስ በላዩ ተቀምጦ ቢራ ጠጥቷል፤ ኖሪንም ስቃበታለች። ወይ ሳቅ! ያቺ ሴት የሳቀችው በራሷ መቃብር ላይ ኖሯል?

አልቢ ባርኔጣውን ሳያነሣ ወጣ። ሚኒስትር ከፒካፑ ኋላ ዘለለ፤ በዕድሜው ያንን ያህል ሲፈጥን ታይቶ አያውቅም።

ዱድሊ ሆስፒታል ውስጥ አፍንጫው ላይ የአየር ቱቦ ተገጥሞለት ተኝቷል። ወንድሙን ባየ ጊዜ ዓይኖቹ ብቻ ሳቁ።

«አንተ ሽማግሌ፣ መንገድ ጠፋህ እንዴ? ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀብህ።»

አልቢ መቀመጥ አቃተው። «ዱድ… መኪናውን ታውቅ ነበር?»

«አካፋዬ ጣሪያውን ሲመታ ሰማሁት። የጅረቱን አፍ ልከፍት እየቆፈርኩ ነበር እኮ፤ ኖሪን ታች መሆኗን አይቼ። አልደረስኩም። ይኸው ነው… አልደረስኩም።»

«ለምን አልነገርከኝም? በቀብሯ ቀን ውሻ ስልህ! ስምህን ስፍቅ!»

ዱድሊ ረጅም ጊዜ ሳለ። ያ ሳል! አልቢ ከወንዙ ማዶ ሲሰማው የኖረው ሳል!

«ምን ልበልህ? ገደልካት ልበልህ? እኔን ጠልተህ ትኖራለህ፤ ኖርክም። ራስህን ብትጠላ ግን ለበግ ሽለታው እንኳ አትደርስም ነበር። ወንድም የለኝ ሌላ… በል አሁን አታልቅስ፣ ነርሷ መጣች፤ ገደልከው ብላ ታስወጣሃለች።»

አልቢ ግን በወንድሙ ደረት ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በዚያው ከሰዓት ብሮንዊን ወረቀቱን ሆስፒታል ድረስ አመጣችና ተፈረመ። መጀመሪያ የፈረመው ዱድሊ ነው፤ «ይሄ አስቀያሚ ጽሑፍ የእኔ ነው፣ ሐሰተኛ ነው እንዳትሉ» እያለ።

አልቢ መኪናውን በገዛ አካፋው ቆፍሮ አወጣ። ብሮንዊን ትራክተር ልታስመጣለት ብትል እምቢ አለ። ዱድሊም የሐኪሞቹን ቃል ውሸት አደረገው፤ የብርዱ ወራት አለፉ፣ እሱ ግን ውሃውን ሳላይ አልሄድም ብሎ ጸና። በጸደይ ብሮንዊን እንዳለችው ሁለት ሳምንት ቀድማ ደወለች።

ውሃው በመጣ ዕለት አልቢ ወንድሙን ከሆስፒታል አውጥቶ ከነኦክስጅን ሲሊንደሩ በሶፋ አስቀምጦ በፒካፑ ኋላ ወደ ታችኛው ሜዳ አወረደው። ሚኒስትር ከእግሩ ሥር ተኛ። ውሃው አረፋ ሳያወጣ፣ ሳይጮህ፣ በጅረቱ አፍ ገብቶ በደረቀው ኩሬ ላይ ቀስ ብሎ ተዘረጋ፤ የዛፎቹንም ሥር ነካ።

«ዘገምተኛ ነው» አለ ዱድሊ። «የመንግሥት ውሃ መሆኑ ያስታውቃል።»

ሁለቱም ሳቁ። አልቢ ሚስማርና መዶሻ ሊያዘጋጅ ወደ መሸለቻው ወጣ። ሲመለስም ከሩቅ ተጣራ፦ «ዱድ! ስምህን ከእኔ በላይ ልጻፈው ወይስ በታች?»

ዱድሊ አልመለሰም። ዓይኖቹ ውሃው ላይ ነበሩ፤ ፊቱ ላይ ሳቁ እንዳለ ነበር… ውሻው አገጩን በጫማው ላይ አሳርፎ በዝግታ ያላዝን ጀመር።

ዛሬ በዚያ ምሰሶ ላይ ከሁሉም ዝቅ ያለ አንድ ሚስማር አለ፤ በታችኛው ሜዳ የነበረውን የውሃ ጥልቀት ያመለክታል፤ ከጉልበት አይበልጥም። ከጎኑ ሁለት ስሞች ተቀርጸዋል፤ ከላይ ያለው የዱድሊ ነው። በተፋቁት ቦታዎችም ሁሉ ስሙ እንደገና ተጽፏል፤ እንጨቱ ተጎድቷልና ፊደሉ ጠለቅ ያለ ነው። ሰው ቂሙን እንደ አሮጌ መኪና ቀብሮ በላዩ ይቀመጣል፤ ሕይወት ግን መተንፈሻዋን ስትነፈግ የምትወስደው ያላሰብነውን ነው። አልቢ ይህንን ዘግይቶ አወቀ። አወቀ ግን! በየጠዋቱም በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከወንዙ ማዶ የማይመጣውን ሳል ይጠብቃል። ኖሪን በጎቹን ልታወጣ በወረደችበት ታችኛው ሜዳ ላይ ቀይ ባሕር ዛፎቹ አቆጥቁጠዋል።